የሚረገጠው ሥዕል

ሞኝነቴን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። ስሜ ምንይችል ይባላል፤ ጥሊሊ ከተማ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ለተማሪዎቼ ስለ ድሮዋ ጃፓን እየነገርኳቸው ነበር። ክርስትና በተከለከለበት ዘመን ሹማምንቱ የእመቤታችንን ምስል በነሐስ ያሠሩና መሬት ላይ አኑረው ሕዝቡን በየተራ ያስረግጡት ነበር። የረገጠ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እምቢ ያለ ይታሰራል፣ ይገደላልም። አንጥረኛው ተጠብቦ ያበጀው ያ ውብ ፊት በእግር ብዛት ተፍቆ ለሰለሰ።

ልጆቹ «ውሸት ነው» ብለው ሳቁ። እኔም እልህ ያዘኝና አንድ ባዶ ወረቀት ወለሉ ላይ አነጠፍኩ።

«ይህ የማርያም ሥዕል ነው እንበል። እንቁ፣ ነይ እስቲ ርገጪው!»

እንቁ ከመቀመጫዋ ተነስታ መጣች፤ እግሯን አነሳች፤ መለሰችና እያለቀሰች ሮጣ ወጣች።

ሐሙስ ገበያው ሁሉ የሚያወራው ስለ እኔ ነበር። መምህሩ ልጆቹን ሥዕለ ማርያም አስረገጠ ተባለ። ረፋዱ ላይ ርዕሰ መምህርቷ እታለማሁ ቢሮዋ አስጠራችኝ።

«የእንቁ አባት መጥተዋል፤ ብቻቸውን አይደሉም» አለችኝ።

በመስኮቱ አየሁ። ዱላ የያዙ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

አባትየው ጋሽ ይኸነው ገቡ። ወረቀቱን ከደብተሬ መሃል አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

«ባዶ ነው ጋሼ! በእመብርሃን፣ ባዶ ነው!»

ግራ ቀኙን ገልብጠው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው እግሬ ሥር አኖሩት።

«እንግዲያው ርገጠው።»

ብረግጠው ባዶነቱን አሳያለሁ። ግን ማርያም ናት ያልኩት በገዛ አፌ ነው፤ ሰዎቹም በመስኮት እያዩኝ ነው። ባልረግጠው ደግሞ የተወራው እውነት ሊሆን ነው። እግሬን አነሳሁ። ማውረድ ግን አቃተኝ።

«አልችልም» አልኩ።

ጋሽ ይኸነው ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አነሱ።

«ልጄ ከማክሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አሉኝ። «"እግሬን አንስቼ ነበር" እያለች ታለቅሳለች። ና፣ አንተም አንስተህ እንደነበር ንገራት።»

በዱላዎቹ መሃል ተከትያቸው ወጣሁ።