አብሮት የሚያድር ሰው

በኩላሊት እጥበት ክፍሉ ውስጥ ሙቱባንዳ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ አፑሃሚ አራተኛው ላይ መቀመጥ ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለአራት አራት ሰዓት ጎን ለጎን ናቸው፤ ከክፍሉ ውጪ ግን ተገናኝተው አያውቁም።

ለአንድ የሕክምና ጥናት ሰው የምትመዘግብ ኢሻራ የምትባል ልጅ ማክሰኞ ዕለት መጣች። ጥናቱ ኩላሊታቸው ታሞ እንቅልፍ ያጡ አዋቂዎችን ይፈልጋል። መድኃኒት ይሰጣል፣ ደም ይመረመራል። ይህ ሁሉ ለሙቱባንዳ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። «ለአስራ ሁለት ሳምንት አንዲት ነርስ በየምሽቱ እየደወለች ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ትጠይቃለች» ስትል ግን ቀና አለ።

ወንድ ልጁ ከኮሪያ የሚደውለው እሁድ እሁድ ነው። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ውሃውን አጣርተህ ነው የምትጠጣው? አዎ። አለቀ።

«ቤት ውስጥ አብሮዎት የሚያድር ሰው አለ፣ አጎቴ? እሱም የሚሞላው ቅጽ አለ» አለች ኢሻራ።

«ባለቤቴ አለች።»

ባለቤቱ ሎኩሜኒኬ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።

«ሚስት እያለህ ነው እንዴ ሁልጊዜ የሱቅ ብስኩት ይዘህ የምትመጣው?» አለ አፑሃሚ።

«አርፈህ ደምህን አሳጥብ!»

በማግስቱ ሙቱባንዳ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የራሱን ቅጽ በእውነት ሞላ። ሌሊቱን ሙሉ እግሩን እንደ ጉንዳን የሚወርረው ነገር እንዳለ፣ እንቅልፉም ሁለት ሰዓት እንደማይሞላ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶ ቀይሮ የሚስቱን ቅጽ ያዘ።

ያንኮራፋል? እግሩ ይወራጫል? በእንቅልፉ ይናገራል?

ተቸገረ። ካንቀላፋ በኋላ የሚሆነውን በምን ያውቃል? ሎኩሜኒኬ በሕይወት ሳለች እንኳን ስለ እሱ ክፉ ለጎረቤት አውርታ አታውቅም። አሁን ሞታ በስሟ ልታማው ነው? አይ፣ አይ፣ አይ ብሎ ሞላው። ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይም «ባሌ ሰላማዊ እንቅልፍ ነው ያለው» ብሎ ጨመረበት።

ሐሙስ ዕለት ኢሻራ ሁለቱን ቅጾች አነጻጸረቻቸው።

«አልሆነም፣ አጎቴ። ባለቤትዎ እንደጻፉት ከሆነ እንደ ሕፃን ነው የሚተኙት። እኛ የምንፈልገው እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።»

አፑሃሚ ሳቁን ለቀቀው። «እሱ? እዚህ ሸለብ ሲያደርገው እኮ የሩዝ ወፍጮ ነው፣ ልጄ! ባለፈው በእግሩ ትሪ ገልብጧል። ሴትዮዋ ጆሮዋ አይሰማም ወይስ ሌላ ቤት ነው የምታድረው?»

ሙቱባንዳ «ተሳስታ ነው» ቢል ይበቃው ነበር። አዲስ ቅጽ ይሰጡታል፣ ይሞላል፣ ይገባል። ነገር ግን ሰውየው እየሳቀ ያለው በሎኩሜኒኬ ነው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ። «እሷ ሞታለች።»

የአፑሃሚ ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ። የሚያየው ነገር ቢያጣ የራሱን የደም ቱቦ ማየት ጀመረ።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ አይነግሩኝም?» አለች ኢሻራ። ሁለተኛውን ቅጽ ሰርዛ ሌላ ወረቀት አወጣች። «ብቻቸውን ለሚኖሩ ሌላ ምድብ አለን። ከጥናቱ አይወጡም። እጅዎ ላይ የሚታሰር መሣሪያ አለ፤ እንቅልፍዎን ራሱ ይመዘግባል።»

«ስልኩስ?»

«የቱ ስልክ?»

«ነርሷ የምትደውለው።»

«እሱ እኮ ለምስክሩ ነው፣ አጎቴ። አብሮ ለሚያድረው ሰው ነው የምትደውለው። የተኛ ሰው ስለ ራሱ ምን ያውቃል?»

«እንዲህ ከሆነ እንደዋሸሁ ብቀጥል ይሻለኝ ነበር።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ወረቀቱን አነበበችለት፤ ፈረመ።

ግራ እጁ ላይ መርፌ ስለተሰካ መሣሪያውን በቀኙ አሰረችለት። በልኩ ነበር የታሰረው።

«እንዴት ነው?»

«ላላ ያለ መሰለኝ።»

ፈታችው። የእጁን አንጓ ይዛ አስተካከለችና መልሳ አሰረችው።

«አሁንስ?»

«አሁንም ትንሽ።»

እንደገና ፈታችው፣ አንድ ቀዳዳ ጨምራ አጠበቀችው። ቆዳው ላይ ሰመጠ። ሙቱባንዳ እጁን አልሳበም።

«ከዚህ በላይ ከጠበቀ ደም ያቆማል» አለች። እጁን ለቀቀችና ወረቀቶቿን ሰብስባ ወደ አምስተኛው ወንበር አለፈች።