ባዘቶ እንዴት ትያዛለች

ጥንቸሏ በኋላ እግሮቿ ደረቱን ረግጣ ከእጁ ስታመልጥ ቢያድግልኝ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ከአንገቱ በታች ሁለት ቀያይ ጭረቶች ወጡ።

"ይቺ ናት ያሸነፈችህ?" አለችው ሚስቱ ዓይናዲስ፣ በሩ ላይ ቆማ።

"ተይኝ እስቲ። ይልቅ እያት፣ ትሸሻለች ስል ጥግ ይዛ ተኮማተረች።"

እውነትም ተኮማትራለች። ጀርባዋን አጉብጣ፣ ዓይኖቿን ግማሽ ጨፍናለች። ትናንት የሰጣት ጎመን ሳይነካ ጠውልጓል።

ቢያድግልኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፀጉር ያስተካከለ ሰው ነው። የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሲያሳርፍ እጁ አይንቀጠቀጥም። ይቺን ጥንቸል ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ነክቷት አያውቅም። ጥንቸሏ የቤት ተከራያቸው የሄለን ናት። ሄለን አዋላጅ ነርስ ናት፤ ለሁለት ወር ሥራ ወደ ጉንደ ወይን ስትላክ፣ "ጋሼ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጥርሷን፣ ጆሮዋን፣ ጥፍሯንና ሆዷን ይዩልኝ። ፀጉሯ ረጅም ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ያበጥሩልኝ" ብላ አደራ ሰጥታው ነበር። ባዘቶ ያለቻትም የተባዘተ ጥጥ በሚመስለው ፀጉሯ ምክንያት ነው። "ፀጉር ለእኔ ምን አላት!" ብሎ ተቀበለ። አምስት ሳምንት አለፈ። በየቀኑ ሣርና ጎመን አስቀምጦ የሄለንን ክፍል በር ከመዝጋት በቀር ያደረገው ነገር የለም።

ፎጣ ጣል አድርጎባት እንደ ምንም ቅርጫት ውስጥ አስገባትና የፀጉር ማስተካከያ ሱቁን ሳይከፍት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄደ።

ግቢው ውስጥ ላሞችና በጎች ተሰልፈዋል። ከይጁቤ በቅሎ ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ ቅርጫቱን ገለጥ አድርገው አዩና ሳቁ።

"እኔ ደሞ ዶሮ መስላኝ! ጥንቸል አትታረድ፣ አትታለብ፣ አትጫን። ታዲያ ምን ትሠራለች?"

"ትታያለች፣ አባቴ።"

"ምኗ?"

ቢያድግልኝ ቅርጫቱን መልሶ ከደነ። አምስት ሳምንት ሙሉ አብራው ብትከርምም፣ ምኗ እንደሚታይ አያውቅም።

ተራው ሲደርስ ባለሙያው ዓለምነው ቅርጫቱን ከፍቶ ጥንቸሏን አያት። ወጣት ነው፤ እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰብስቧል።

"ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። እኔ በሬና በግ ነው የለመድኩት፤ ጥንቸል የያዝኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። ግን እንሞክራለን።"

ጠረጴዛው እንዳያንሸራትታት ፎጣውን አነጠፈ። ከዚያ አንድ እጁን ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫዋ ሥር ሰድዶ ወደ ራሱ አስጠግቶ አነሳት። አልተራገጠችም።

"የኋላ እግሯ አየር ላይ ሲንጠለጠል ትፈራለች። በራሷ ርግጫ ወገቧ ሊሰበር ይችላል።"

"ጠዋት አንጠልጥያት ነበር" አለ ቢያድግልኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዓለምነው ጆሮዋን አየ፤ ንጹሕ ነው። ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ የፊት ጥርሶቿን አየ፤ እነሱም ደህና ናቸው። ጥፍሮቿ ግን ረዝመው ቆልመም ብለዋል። ሆዷ ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ። ፀጉሯ ተያይዞ እንደ በርኖስ ጠንክሯል።

"ሆዷን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?"

ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ቢያድግልኝ "ባለፈው ሳምንት" ሊል አፉን ከፈተ።

"አይቼው አላውቅም" አለ።

ዓለምነው አልተቆጣም። "የተያያዘው ፀጉር ቆዳዋን እየጎተተ አቁስሏታል። ሲያማት መብላት ታቆማለች፤ ሳትበላ ከዋለች ደግሞ አንጀቷ ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ዛሬውኑ መነሳት አለበት። ግን ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፣ የእኔ መቀስ ደግሞ ይኸው" አለና ወፍራሙን መቀስ አሳየው።

"መቀሱን ለእኔ ተውልኝ" አለ ቢያድግልኝ፤ ከኮቱ ኪስ ቀጭን መቀሱንና ማበጠሪያውን አወጣ።

"የሚይዛትስ? እኔ ቆዳዋን ልወጥርልዎ" አለ ዓለምነው።

"ቆይ፣ እኔ ልያዛት" አሉ ሽማግሌው፤ በቅሎዋን ከግንድ አስረው ገቡ። ዓለምነው እንዳሳያቸው መቀመጫዋን ደገፉ፤ በሰፊው መዳፋቸው ዓይኗን ከለሉላት። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ።

"ልቧ! እሷ ቁጭ ብላ ልቧ ብቻ ይሮጣል እኮ!"

ቢያድግልኝ ማበጠሪያውን በቆዳዋና በተያያዘው ፀጉር መካከል ቀስ ብሎ አስገባና ከማበጠሪያው በላይ ቆረጠ። ትንሽ ትንሽ እያለ፣ እሷ ስትተነፍስ እየጠበቀ ሠራ። ከፀጉሩ ሥር ያለው ሙቀት ጣቶቹን ነካው። እንዲህ ለስላሳ ነገር ቆርጦ አያውቅም። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የመጨረሻው ጥቅል ሲነሳ፣ ሥሩ አንዲት የጥፍር ያህል ቁስል ታየች።

ዓለምነው ቁስሉን አጠበ፣ የሕመም ማስታገሻ ወጋት፣ ጥፍሯንም ቀዩ የደም ሥር ጋ ሳይደርስ ቆረጠላት።

"ውኃ ውስጥ እንዳይነክሯት፤ ብርድና ድንጋጤ ይገድላታል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሣር ካልቀመሰች ይመልሷት።"

ቢያድግልኝ ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም። ደረቅ ሣር አስቀምጦላት አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዓይናዲስ መጀመሪያ ከበሩ፣ ከዚያ ከአልጋው ጫፍ፣ በመጨረሻም ከጎኑ ሆና ታይ ጀመር።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ባዘቶ አንገቷን አስግጋ አንድ ዘለላ ሣር ሳበች። ሣሩ እንደ ክር ወደ አፏ እያጠረ ገባ።

"አፍንጫዋ ግን አያርፍም እንዴ?" አለች ዓይናዲስ በሹክሹክታ።

"ቆይ፣ ሁለተኛውን ልትይዝ ነው።"

ሁለተኛውንም በላች። ቢያድግልኝ ስልኩን አወጣ።

"ለማን ልትደውል ነው?"

"ለሄለን።"

"ምን ብለህ? ድናለች። ሄለን እስክትመጣ ፀጉሯ ይበቅላል፤ ማንም አያውቅም። ልጅቷን በሰው አገር ለምን ታስደነግጣታለህ?"

ቢያድግልኝ ፀጉሩ የተነሳውን የጥንቸሏን ሆድ አየ። ከዚያ ደወለ።

"ጋሼ? ምነው በደህና?" አለች ሄለን።

"ደህና ነን፣ የኔ ልጅ። ባዘቶ አሁን እየበላች ነው። ግን አምስት ሳምንት ሙሉ አደራሽን አልጠበቅሁም። ጊዜ ካለሽ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።"