ጋዝ ሲሰጡት የሚጠፋው ሞተር

አንማው ጋዝ በሰጠ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል፤ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ደግሞ ጀልባው ላይ አንድ ሰው ይጨመራል።

የመጀመሪያው ሰው የተጨመሩት ጀልባው ከሐይቁ መሃል ካለው ደቅ ደሴት ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ጀልባው ላይ የነበሩት ባለጀልባው አንማው፣ ምጥ ጠንቶባት ወለሉ ላይ የተኛችው እህቱ ማሬ እና የማሬ አማት እትዬ ስንዱ ናቸው። ልጁ በጭንቅላቱ ሳይሆን በእግሩ እየመጣ ነው። የደሴቲቱ አዋላጅ ነገሩ ከእጇ በላይ እንደሆነና ማሬ ቶሎ ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ መድረስ እንዳለባት ተናግራ ነው የሸኘቻቸው። የማሬ ባል ለሥራ ባሕር ዳር ሄዷል።

አንማው ከወደቡ ወጣ እንዳለ ጋዙን ከፈተው። ሞተሩ አንዴ አጓራና ጸጥ አለ። ቀና ሲል ከፊት ለፊቱ ካኪ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ልብሳቸው ደረቅ ነው። እንደምን ዋላችሁ አሉ። አንማው እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ፣ ከየት እንደመጡ ጠየቃቸው።

"ሞተሩ ሲቆም ተሳፈርኩ" አሉ።

እትዬ ስንዱ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

አንማው ገመዱን ስቦ ሞተሩን አስነሳው። ጋዙን ካልነኩት አይጠፋም፤ በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙር እየተንደቀደቀ ይሄዳል። ግን በዚያ አካሄድ እንኳን ምጥ የያዛት ሴት፣ የተጫነ እንጨትም ይሰለቻል። ከደንቢያ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነፋስ መነሳት ጀምሯል። ስለዚህ ችግሩን መፈለግ ነበረበት።

መጀመሪያ የቤንዚን ታኒካውን ክዳን አየ። ክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ ከተዘጋች ቤንዚን እንደ ልብ አይወርድም። ሙሉ በሙሉ ከፈታትና ጋዝ ሰጠ። ሞተሩ ጠፋ። ጥቁር ጃንጥላ የያዘች ሴት ከሽማግሌው አጠገብ ተቀምጣ ቀሚሷን ስትሰበስብ አያት። ቀጥሎ እሳት የሚያስነሳውን ካንዴላ ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መለሰው። ጋዝ ሰጠ፤ ሞተሩ ጠፋ። በዚህኛው ጊዜ ዶሮ የታቀፈ ጎልማሳ መጣ። ዶሮዋ ከሰው አልተቆጠረችም።

መጥፋቱ ሳይሆን ክብደቱ አስጨነቀው። የጀልባው ጠርዝ ከውሃው የሚበልጠው በስንዝር ያህል ሆኗል፤ ማዕበሉም እየዘለለ መግባት ጀምሯል። እትዬ ስንዱ በጣሳ ይቀዳሉ፤ ሽማግሌውም ባርኔጣቸውን አውልቀው ያግዟቸዋል።

አንማው አንድ ሙከራ ይቀረው ነበር። ከታኒካው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ በእጁ እየጨመቀ ቤንዚኑን በግድ ገፋው። ሞተሩ ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ ጮኸ፤ ማሬም ራሷን ቀና አደረገች። ከዚያ ጠፋ። አንዲት መነኩሴ ከማሬ ራስጌ ተቀምጠው ይቅርታ ጠየቁ።

"በቃህ፣ ጋዙን አትንካ" አሉ እትዬ ስንዱ። "አንድ ሰው ከተጨመረ ሁላችንም እንሰጥማለን።"

ያኔ ማሬ የወንድሟን ቁርጭምጭሚት ያዘች። ስታምጥ የነከሰችው ጋቢ አፏ ላይ ነበር፤ አወጣችው።

"አንማው፣ ልጁ ዝም አለ" አለችው።

አንማው ጎማውን ሲጨምቀው ሞተሩ መቆየቱን አሰበ። ቤንዚን አለ፤ የሚያልፍበት ጠቧል ማለት ነው። ሞተሩን ሳያስነሳ ጀልባውን ለነፋሱ ተወና ካርቡራተሩን መፍታት ጀመረ። ባለጃንጥላዋ ውሃ እንዳይረጨው ጃንጥላዋን ዘረጋችለት። ባለዶሮው ብሎኖቹን በመዳፉ ያዘለት። አንማው ከውስጥ ጂግለር የሚሏትን ትንሽ የናስ ብሎን አወጣና፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳዋ መዘጋቷን ለማየት ወደ ብርሃን አነሳት።

ተዘግታለች። የዘጋት ሰው ነው። በቀዳዳዋ ውስጥ አንድ የውሃ ዳር ታየው፤ እዚያ ጓዛቸውን የያዙ ሰዎች ተጠጋግተው ተሰልፈዋል። የሰልፉ ጭራ አይታይም። ከፊት ያለው ሰው በትከሻው ቀዳዳዋን ሞልቶ አንማውን ይመለከተዋል።

"ብዙ ናቸው" አለ አንማው።

"ብዙ ጊዜም ጠብቀዋል" አሉ ሽማግሌው።

አንማው ቀጭን ሽቦ ነበረው። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ሁሌ የሚጠርገው በሽቦ ነው። ሽቦውን አወጣ፤ ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋው። ከወዲያ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፈነ እንጂ አልሸሸም። አንማው ሽቦውን ውሃ ውስጥ ጣለና ብሎኗን ከአፉ ጋር አገናኛት።

"ወገኖቼ፣ ምጥ የያዛት እህት ይዣለሁ። እባካችሁ መንገድ ልቀቁልን" አላቸው።

መልሶ ሲያይ ፊተኛው ሰው ዞሮ ለኋለኛው ይነግራል፤ ያም ለቀጣዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ዳር ወጡ። በቀዳዳዋ ውስጥ ደመናው ብቻ ቀረ።

ገጣጠመው። ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ሲነሳ መነኩሴዋ የማሬን እጅ ያዙ። አንማው ጋዙን ቀስ እያለ ከፈተው። ሞተሩ አንዴ አመነታ፤ አንማው እጁን አላላላም። ከዚያ ጮኸ፤ ጩኸቱንም አላቋረጠም። የጀልባው አፍንጫ ቀና አለ። ሁሉም ማዶውን እያዩ ሄዱ።

ወደቡ ላይ ቃሬዛ ተገኘ። ባለዶሮው ዶሮዋን ለሽማግሌው ሰጥቶ ከፊት ያዘ፤ አንማው ከኋላ። ጤና ጣቢያው ዳገት ላይ ነው፤ አንድም ጊዜ ሳያርፉ ወጡት። የማሬ ልጅ እግሯን አስቀድማ ተወለደች፤ ሰውነቷ ጠቁሮ ነበር፤ ነርሷ ጀርባዋን ስታሽት ከቆየች በኋላ ሕፃኗ አለቀሰች። ማሬን እንቅልፍ የወሰዳት ድምፅዋን ሰምታ ነው። እትዬ ስንዱ ደጁ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

አንማው ጀልባውን በጥድፊያ ሳያስር ነበር የሄደው፤ ሊያስር ወረደ። ተሳፋሪዎቹ ወደየመንገዳቸው ሄደዋል። ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል፤ ሌሎች ጀልባዎች ከችካላቸው ጋር ይጋጫሉ። የእሱ ጀልባ ግን ሳይታሰር፣ ሳይነቃነቅ ቆሟል።

ከጀልባው ጀምሮ እስከ ደቅ ድረስ፣ በቀዳዳዋ ውስጥ ያያቸው ሰዎች ውሃው ላይ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ቆመው ነበር። ማዕበሉ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ ይላሉ፤ ልብሳቸውን ግን ነፋሱ አያነሳውም። በመሃላቸው አንድ ጀልባ የሚያሳልፍ መንገድ ለቀዋል። የመንገዱ ውሃ እንደ ሊሾ ለጥ ብሏል። ጓዛቸውን ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ተራቸውን እየጠበቁ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሞተሩ አዙረዋል።