መነጽሩ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ

ፋንቱ ልጇን አዲስዓለምን ይዛ ከተፈናቃዮች መጠለያ ደብረ ብርሃን መሃል እስካለው የዓይን ማዕከል ሁለት ሳምንት ስትመላለስ አንድ ቀን አልቀረችም። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው። ከወለጋ ሲሰደዱ መንገድ ላይ የጣላት ትኩሳት ሲለቃት የግራ ጎኗን እይታ ይዞባት ሄደ። ባጃጅ ከግራ ከመጣ፣ ለእሷ አልመጣም።

የማዕከሉ ባለሙያ ምስራቅ ነገሩን በቀላሉ አስረድታት ነበር። ልጅቷ ፊቷን የሚሸፍንና ውስጡ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚያሳይ ቪአር መነጽር ታጠልቃለች፤ ውስጡ አንዲት ኳስ እየጮኸች በግራ በኩል ብቅ ትላለች፤ ጆሮዋ ዓይኗን እየመራ ያስለምደዋል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንት። ከተቋረጠ ግን እንደገና ከአንድ ነው። በአሥራ አራተኛው ቀን አዲስዓለም በግራዋ የምታልፈውን አህያ አይታ «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ስትል፣ ፋንቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

በማግስቱ፣ መነጽሩን የለገሱ እንግዶች ሰሞኑን ሊመጡ ነው ተባለና የንብረት ክፍሉ አቶ ወልደተንሣኤ መነጽሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። እንግዳ ፊት ተቧጭሮ ቢገኝ ተጠያቂው እሱ ነዋ! ምስራቅ ብትለምነው አልሰማም። ፋንቱም ዘጠኝ ቀን ሙሉ በዚያ ብርድ እየመጣች «ነገ» እየተባለች ተመለሰች። በዘጠነኛው ቀን ልጅቷ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመች። ፋንቱ ግንባሯን አሸችላት።

በአሥረኛው ቀን ራሱ ወልደተንሣኤ አስጠራቸው። እንግዶቹ ልጅ ሲለማመድ ማየት ፈልገዋል። አዲስዓለም ተቀመጠች፣ መነጽሩን እሱ አጠለቀላት፣ ካሜራ ተደገነ። አንደኛው እንግዳ ምን እንደሚታያት ጠየቃት።

«ጉም» አለች።

ወልደተንሣኤ ጎንበስ ብሎ «ኳስ» እንድትል ሹክ አላት።

«ኳሷ ትጮኻለች እንጂ አትታየኝም።»

እንግዶቹ ደስ የምትል ልጅ ናት ብለው ሳቁ። ፋንቱ ሄዳ መነጽሩን አወለቀችው። ከፋብሪካ ሲመጣ መስተዋቱን የሸፈነው ላስቲክ ተመልሶ ተለጥፏል፤ ጠርዝ ጠርዙ በፕላስተር ተይዟል። ወልደተንሣኤ ንብረት መሆኑን፣ እንዳይቧጨር አስቦ እንደሆነ ማስረዳት ጀመረ። ፋንቱ ላስቲኩን በጥፍሯ ልጣ መዳፉ ላይ አኖረችለት። እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ነበር የምትለው።

«ይኸውልህ ንብረትህ፤ የልጄን ዘጠኝ ቀን የቆለፍክበት ቦታ ቆልፈው።»

ምሳ ቀርቧል ተብሎ እንግዶቹ ሲነሱ ፋንቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ግማሽ ሰዓት ነው። ለማየት አይደል የመጣችሁት?»

ምስራቅ መነጽሩን መልሳ ለልጅቷ አጠለቀችላት። ከዚያ መዝገቧን ገለጠች፤ አሥራ አራቱን ቀን አንድ በአንድ ሰርዛ ከሥሩ «ቀን አንድ» ብላ ጻፈች። እንግዶቹ ኮታቸውን እንደለበሱ ተመልሰው ተቀመጡ።