ሚኒስትሯ ሁለተኛ የቆመችበት ጭፈራ

አናርጊሮስን የሰደበችው የመምህሩ ልጅ ፖሊክሴኒ ናት። ቀኑ በኛ በግሪኮች አቆጣጠር የ1997 የፍልሰታ በዓል፣ ነሐሴ አሥራ አምስት ነበር። ሰዓቱንም ቢሆን ለጠየቀው ሰው ይነግረዋል፤ ሁለተኛው ፍየል ከድስት ወጥቶ፣ ካህኑ ቀበቷቸውን ያላሉ ጊዜ ነው። አናርጊሮስ የክላርኔት ነፊው ግንባር ላይ ብር ለጥፎ፣ ጭፈራውን አዝዞ፣ መሐረቡን ይዞ ከፊት እየመራ ነበር። እሷ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአቴንስ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ ሴቶቹ ጠረጴዛ ተቀምጣለች። ክላርኔቱ ለአንድ አፍታ ትንፋሽ ሲወስድ፣ በዚያች ጸጥታ መሐል፣ "ጋሽ አናርጊሮስ ሱሪው ውስጥ ዶሮ ገብታ መውጫ ያጣችበት ይመስላል" አለች።

አደባባዩ ሙሉ ሳቀ። ካህኑም ሳቁ። የገዛ ሚስቱ አግላያም ሳቀች፤ ኋላ "አስነጥሶኝ ነው" ብላ ብትክድም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ዶሮው ሆነ። ቡና ቤት ሲገባ "ዛሬስ ጣልክ ወይ?" ይሉታል። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመ በግ አርቢ ስለሆነ፣ ለተማረ ሰው አፍ የሚሆን መልስ ቶሎ አይመጣለትም። የመጣለት አንድ ነገር ነው፤ በማግሥቱ ግቢው ውስጥ ያሉትን ዶሮዎች አንድ ሳያስቀር አረዳቸው። ያን ሳምንት ቤቱ የዶሮ ሾርባ ሲበላ ሰነበተ። ዳግመኛ ዶሮ ግቢውን አልረገጠም፤ እሱም ዳግመኛ አልጨፈረም። የሴት ልጁ ሠርግ ላይ እንኳ ወገቤን ብሎ ተቀመጠ።

ዘንድሮ በሰኔ ፖሊክሴኒ ሚኒስትር ሆነች።

መንደሩ ቡና ቤት ተሰብስቦ ቃለ መሐላውን በቴሌቪዥን አየ። ጥቁር ከረባት በጥቁር ከረባት ላይ ተደርድሮ፣ ሊቀ ጳጳሱ በበሶብላ ጠበል ሲረጩ፣ ከዚያ ሁሉ ወንድ መሐል ጥቂት ሴቶች ቆመዋል፤ አንዷ እሷ ናት። የሰጧት የግብርናውን ነው። ዶሮ እርባታም በዚያው ሥር ነው። አናርጊሮስ ይህን ሲሰማ አውቀው እንዳደረጉት አልተጠራጠረም።

"የኛ ልጅ" አለ ንብ አርቢው ስቴርጊዮስ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜ ነው ያሳደግኳት።"

"አባቷ አቴንስ ሲልካት፣ 'ሴት አስተምረህ ለሰው ቤት' ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?" አለው አናርጊሮስ።

"ለማበረታታት ነበር።"

ለፍልሰታ በዓል እንደምትመጣ ከንቲባው ፕሮድሮሞስ ባወጀ ጊዜ፣ በመንደሩ ጉዳይ የሌለው ሰው ጠፋ። አንዱ ወታደር የሆነው ልጁ ከድንበር ወደ ያኒና ከተማ እንዲዛወርለት ይፈልጋል። ሌላዋ ለልጇ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ትፈልጋለች። ስቴርጊዮስ ቀፎውን የሚገለብጥበት ድብ እንዲነሳለት ይፈልጋል፤ የት እንደሚወሰድ ግን ግድ የለውም።

አናርጊሮስ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። በዚያው አደባባይ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ ያለችውን እንድትውጠው። እቅዱም ተሰናድቷል። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እያየች ይጨፍራል፤ ሲጨርስ ፊቷ ቆሞ "ዶሮዋ የት ገባች፣ ክብርት ሚኒስትር?" ይላታል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ሲሞርዳት ኖሯል። "ክብርት ሚኒስትር" የምትለዋን ሰኔ ላይ ነው የጨመረባት፤ ሲጨምርባትም ይበልጥ አማረችለት።

ሐምሌን ሙሉ በረት ውስጥ ሲለማመድ አግላያ ደረሰችበት። መሐረቡን በር ላይ አስሮ፣ እጥፍ ዘርጋ ይላል።

"ሰውዬ፣ በጎቹ እኮ ወተት ሊነሱኝ ነው" አለችው። "ለሷ ብለህ ነው?"

"ለራሴ ነው።"

"ለራስህማ ቢሆን ልጅህ ስትዳር በጨፈርክ።"

አናርጊሮስ መሐረቡን ከበሩ ፈታ።

"ስማኝ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን እንቁላል ከጎረቤት መለመን ሰልችቶኛል። ወይ ተናግረሃት ይውጣልህ፣ ወይ ዶሮ አምጣልኝ።"

የበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ የሚኒስትሯ ጥቁር መኪና ፖሊስ፣ የአቴንስ እንግዶችና የቴሌቪዥን ካሜራ አስከትሎ አደባባዩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የወረደው ባሏ ነው፤ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ የአቴንስ ጥርስ ሐኪም። ከንቲባው ዳቦና ጨው ይዞ ወደ እሱ ተንደረደረ። ጉዳይ ያለው ሁሉ ተከተለ። በሌላው በር የወረደችው ሚኒስትር ከአሮጊቶቹ ጋር ተሳስማ ስትጨርስ፣ ወንዶቹ ገና ባሏን ከበው ጆሮው ውስጥ ይንሾካሾካሉ።

"እኔ የምነቅለው ጥርስ ነው፤ ጉዳዩን ለእሷ ንገሯት" ይላል ሰውዬው።

"እሱማ ገብቶናል" አለው ስቴርጊዮስ፣ ዓይኑን ጠቀስ እያደረገ። "ማታ ቤት ስትገቡ እርስዎ ይዘዟታል። ድቡ ጨረሰኝ።"

"እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።"

ስቴርጊዮስ ለድቡ ይጠቅመው እንደሆነ ብሎ ከፈተ። ሐኪሙ አዘንብሎ አየና "ከድቡ በፊት ይህ መንጋጋ ይነሳ" አለው።

ፍየሉ ተበላ፣ የወይን አረቄው ጺፑሮ ተቀዳ፣ ክላርኔቱ ተሟሟቀ። አናርጊሮስ የሠርጉን ኮት እንደለበሰ ተነሥቶ ነፊው ግንባር ላይ ብር ለጠፈና የሽማግሌዎቹን ከባድ ጭፈራ አዘዘ። በኛ መንደር ያዘዘ ሰው ከፊት ይመራል፤ ሁለተኛው የመሐረቡን ሌላ ጫፍ ይዞ ይደግፈዋል፤ ከኋላው የሚሰለፉት እሱ የፈቀደላቸው ብቻ ናቸው። ድሮ በዚህ ነገር ጩቤ የተማዘዙ አሉ። ይህን ከንቲባው ያውቃል። ግን ካሜራ ሲያይ የሚያውቀው ሁሉ ከራሱ ይጠፋል። ዜማው ሊጀመር ሲል ሚኒስትሯን ክንዷን ይዞ መሐል አደባባይ አወጣትና ወደ አናርጊሮስ ዞረ።

"አናርጊሮስ፣ ወንድሜ፣ ይቺን ለክብርት ሚኒስትር ልቀቅላቸው።"

"የራሷን ትዘዝ።"

"ሚኒስትር ናቸው እኮ፤ እንዴት ያዝዛሉ?"

"እንግዲያው ትቀመጥ።"

"አንተ ሁለተኛ ብትቆም ምን ይጎድልብሃል?"

"ሁለተኛ መቆም የለመድከው አንተ ነህ። ካላመንከኝ ሚስትህን ጠይቃት።"

ክላርኔት ነፊው ጉንጩን እንደነፋ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ብርጭቆ አስቀመጡ። ከአቴንስ የመጡት እንግዶች ነገሩ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ያጨበጭባሉ። አናርጊሮስ መሐረቡን እጁ ላይ ጠመጠመ፤ ድሮም አቋረጠችው፣ ዛሬም ልታቋርጠው ነው፣ ያውም በፖሊስ ታጅባ።

ፖሊክሴኒ ክንዷን ከከንቲባው እጅ አወጣች። "ጭፈራውን ማን ነው ያዘዘው?"

"አናርጊሮስ ነው፤ ግን..."

"ግን የለውም። ወደ ሰው ጭፈራ አስገባኸኝ? አባቴ ይህን ቢያይ ከመቃብር ተነሥቶ በጥፊ ይለኝ ነበር።" ከዚያም ቀርባ አንገቷን ዝቅ አደረገች። "ጋሽ አናርጊሮስ፣ ከፈቀድክልኝ ሁለተኛ ልያዝልህ።"

ይኼ በእቅዱ ውስጥ አልነበረም። በረት ውስጥ በተለማመደው ሁሉ እሷ ተቀምጣ ነበር። እምቢ እንዳይል በደንቡ ጠየቀችው፤ በደንቡ የጠየቀ ሰውን መመለስ ደግሞ ነውሩ የመላሹ ነው። እየከበደው የመሐረቡን ጫፍ ሰጣት።

ክላርኔቱ ጀመረ። አናርጊሮስ መጀመሪያ እግሩን ሰነፍ ሰነፍ አድርጎ አሳረፈ፣ ከዚያ ሰውነቱ ራሱ አስታወሰ። ወገቡን ሰበቀ፣ ተረከዙን መታ፣ ዞረ። ወደ ኋላ ተለጥጦ ቁጭ የሚባልበት ቦታ ሲደርስ ግን በበጎቹ ፊት ያላመፀው ጉልበቱ አመፀ። ክብደቱ ሙሉ መሐረቡ ላይ ወደቀ። ፖሊክሴኒ ተረከዟን መሬት ላይ ተክላ፣ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። ጠባቂዋ ሊንደረደር ሲል በዓይኗ መለሰችው። አናርጊሮስ በዚያች መሐረብ ተንጠልጥሎ፣ እንኳን መውደቁ ሊታወቅበት፣ ሆን ብሎ የዘገየ መስሎ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ መደብደብ ያዙ። ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውሰውም። ብቻ ክላርኔቱ ሲቆም ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ የሚሳለቅ ሰው እየፈለገ ዙሪያውን ሲያይ አንድም አላገኘም።

"አንተ ሰው" አለች ፖሊክሴኒ እያለከለከች፣ የመሐረቡን ጫፍ እንደያዘች። "እንዳንተ የሚጨፍር በዕድሜዬ አላየሁም። መጨፈር ካቆምክ ዘመን ሆኖሃል አሉኝ፤ እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ለምን?"

ስቴርጊዮስ ያመመውን መንጋጋ ይዞ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ከንቲባው የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አዲስ እንደተሰቀለ ያህል ይመረምር ጀመር። አግላያ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

"ሰው አንድ ነገር ተናገረኝ" አላት አናርጊሮስ።

"ምን ብሎ?"

"ስለ አጨፋፈሬ።"

"ዕውር መሆን አለበት" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ዕውርም ብቻ አይደለም፣ ደደብ ነው። እንዳንተ ያለውን ሰው ይኸን ያህል ዘመን አስቀምጦብን? እዚህ ካለ ንገረኝ፣ አሁኑኑ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ። ማን ነው?"

ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። አደባባዩ ያው ነው፣ ሕዝቡም ያው ነው፣ ካሜራውም በትርፍ መጥቷል። ከጠበቀው በላይ ውጣዋለች፤ ግን ሳታውቀው ስለዋጠችው ለእሱ አልጣመውም። ቢነግራት ደንግጣ ይቅርታ ትለዋለች፤ ማታ ዜና ላይም የአንዲት ጉብል ቀልድ ተሸክሞ ያረጀ በግ አርቢ ተብሎ ይታያል። ባይነግራት ደግሞ ደደቡ ማን እንደሆነ ሁሉም እያወቀ እሷ ብቻ ሳታውቅ ወደ አቴንስ ትመለሳለች። ይቺኛዋ ትንሽ ጣፈጠችው። ትንሽ ብቻ።

መሐረቡን ቀስ ብሎ ከእጇ ሳበና ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ዞሮ በጠረጴዛዎቹ መሐል ወደ ታች መሄድ ጀመረ። አግላያ ተነሥታ ተከተለችው።

"ጋሽ አናርጊሮስ" አለች ሚኒስትሯ ከኋላው፣ "ስሙን ብቻ ንገረኝ እንጂ።"

አልዞረም። ጉልበቱ እንዳያስነክሰው እየተጠነቀቀ፣ ቀጥ ብሎ መንገዱን ቀጠለ።