የጠፋችው እርምጃ

ቼዝ ተጫዋቾች የፋርማሲስቷን አባት «ዘንዶው» ይሉታል። ጥቁር በደረሰው ቁጥር ሲሲሊያን መከላከያን፣ ያውም ዘንዶ የሚባለውን ዓይነት ካልሆነ አይጫወትም። ምሕረት የሌለው ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሌላውን ንጉሥ ለመግደል ይሽቀዳደማል፣ አንዲት እርምጃ የረሳ አለቀለት።

ሥራው ኤሌክትሪሺያንነት ነበር። ባለፈው ክረምት ቆጣሪ ሳያጠፋ የጎረቤት ሽቦ ነክቶ ከመሰላል ወደቀ። «እጄን አዳልጦኝ ነው» አለ። ማንም አልተከራከረውም፤ ሚስቱ ግን ሥራውን አስተወችው።

በዘንድሮው የቼዝ ውድድር አጋማሽ ላይ ከፋርማሲስቷ ልጁ ጋር ተገጣጠመ። ነጩ የእሷ ነው። አባቷ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሳያስብ ወረወራቸው። «ተመስገን፣ ደህና ነው» አለች በሆዷ።

ከዚያ ግንቡን ሠውቶ ፈረሷን የሚበላበት ቦታ ደረሱ። ይህቺን እርምጃ ገና ፊደል ሳትለይ ያስጠናት እሱ ራሱ ነው። እጁን ዘረጋ፤ እጁ አየር ላይ ቀረና ተመለሰ። ሰዓቱ ይቆጥራል። በመጨረሻ ዳር ያለች ወታደር አንድ ቤት ገፋ።

በቃ፣ ሞቷል። ንግሥቷን ብታስገባ ጨዋታው ያበቃል። አንጀቷ አልቻለም፤ ንግሥቷን ወደ ኋላ መለሰቻት።

አባቷ ቀና ብሎ አያት። «ምንድነው ይሄ?» አለ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ለሕፃን እንደሚለቀቅ ትለቂልኛለሽ?»

«አላየሁትም፣ አባዬ።»

«አይተሻል። ያላየሁት እኔ ነኝ። ቦታውን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ፤ የሚቀጥለው እርምጃ ግን የለም። ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ የለም።»

ዳኛው ዝም እንዲሉ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አባቷ መሸነፉን አምኖ ንጉሡን አጋደመና እጇን ጨበጣት።

ከአዳራሹ ወጥተው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ግራና ቀኝ አየ።

«በየት ነበር የመጣነው?»

ቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር። ፊቱን ስታይ ክንዱን ያዘች።

«ነገ ሐኪም ጋ እንሂድ፣ አባዬ። እኔ እወስድሃለሁ።»

«መድኃኒት ቢኖረው ኖሮ አንቺ እስካሁን ዝም ትዪ ነበር?»

የመርሳት በሽታ ማስታገሻ እንጂ ማዳኛ እንደሌለው ካወቀች ቆይታለች።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። እንዴት እንደምታባብለው ጠፍቷት እሷም ወደ ሌላው ጎን ዞረች።