ከግቢው በር እስከ ደጃፉ

አባዬ ከሆስፒታል ሊወጣ ሲል አንድ ነገር አስጠነቀቀን፤ «ተሸክማችሁ አታስገቡኝም።»

እግሩ እንደ ድሮው እንደማይሆን ሐኪሙ ነግሮታል። ዊልቸሩን ያለ ብዙ ክርክር ተቀበለ። መሸከምን ግን በጭራሽ። ዕድሜውን የፈጀው የሰው ዕቃ ከቤት ቤት በማጓጓዝ ነው። «ስንቱን ቁም ሳጥን በዚህ ጀርባ ፎቅ አውጥቻለሁ» አለ። «ቁም ሳጥን ሆኜ ግን ቤቴ አልገባም።» እህቴ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

የእኛ ግቢ ዝናብ ሲነካው ጭቃ፣ ሲደርቅ ጉድጓድ ነው። ቤቱም ከመሬት ከፍ ይላል። ስለዚህ ከግቢው በር ተነስቶ ቀስ እያለ እስከ ደጃፉ የሚወጣ መንገድ ያስፈልገን ነበር። ሲሚንቶው በኋላ ይደርሳል፤ የተፈጨ ድንጋይ ተነጥፎ በደንብ ከተጠቀጠቀ ለጊዜው ጎማ ይችላል። ሥራዬም ይኸው ነው። መንገድ ሥራ ላይ ኮምፓክተር እገፋለሁ፤ ከታች ሰፊ ብረት ያለው፣ እየተንቀጠቀጠ መሬቱን የሚደበድብ ማሽን። ሰው ጩኸቱን አይወደውም። እኔ እወደዋለሁ፤ እሱ ሲጮህ ማንም አያወራኝም፣ ሐሳቤን ይዤ እሄዳለሁ።

አባዬ በሚወጣበት ቀን ጠዋት ማሽኑን ከሥራ ቦታ ተውሼ ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ አማቻችን፣ የእህቴ ባል፣ ላብ በላብ ሆኖ አካፋውን ተደግፎ ጠበቀኝ። የገልባጭ መኪና ሾፌር ነው፤ ዝግ ማለት አያውቅም። ድንጋዩን ሁሉ አንጥፎ፣ ደጃፉ ጋ እስከ ጉልበት ከምሮ፣ አስተካክሎ ጨርሶታል።

«እንዴት ነው? ምንጣፍ አይመስልም?»

«ሁሉንም በአንዴ?»

«ታዲያ በጭልፋ ልጨምረው ኖሯል?»

«ማሽኑ ያን ያህል ወደ ታች አይደርስም። ከላይ ይጠነክራል፣ ከሥር ላላ እንዳለ ይቀራል።»

«እስኪ መጀመሪያ ሂድበት፤ ከዚያ ታሟርታለህ።»

ሄድኩበት። ላዩ ለጥ አለ። አማቻችን ወጥቶ ዘለለበት፤ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ጋሪውን ድንጋይ ሞላሁና «ግፋው» አልኩት። ደጃፉ ሊደርስ ሲል ጎማው ስምጥ አለ፤ ጋሪው በጎኑ ወደቀ።

ወዲያው ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። እህቴ አባዬን ይዛ ደርሳለች።

አማቻችን ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ለሁለት ብናነሳው እኮ አይታወቀንም።»

እውነቱን ነው፤ አይታወቀንም ነበር። አባዬን በመኪናው መስኮት አየሁት። ሸሚዙ ሰፍቶታል። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነበር፣ እንደማይከብደን ማወቄ። ወጣሁና የመኪናውን በር ከፍቼ አጠገቡ በርከክ አልኩ።

«አባዬ፣ መንገዱ ተበላሽቶብናል። እንደገና እንሥራው፣ ትጠብቀናለህ?»

«የት?»

«እዚሁ፣ ደጅ።»

የሰፈሩን መንገድ ግራ ቀኝ አየ። ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ሰዓት ነው። «ዊልቸሩን የአጥሩ ጥላ ጋ አስጠጉልኝ» አለ።

ድንጋዩን ዛቅንና አወጣነው። ከዚያ ስስ አድርገን እያነጠፍን፣ እህቴ ውኃ ስታርከፈክፍ፣ እኔ ከላይ ስመላለስበት፣ ማሽኑ መስመጡን ትቶ እስኪነጥር፣ ድምፁም ደረቅ እስኪል ድረስ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ስስ ንጣፍ። በዞርኩ ቁጥር አባዬን አየዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሲያልፍ አንገቱን ይደፋ ነበር። ማሽኑን ነዳጅ ልጨምርበት ሳጠፋው ግን ድምፁን ሰማሁት።

«ምን ሆነህ ውጭ ተቀመጥክ?» ይለዋል አንድ ጎረቤት።

«ልጆቼ መንገድ እየሠሩልኝ ነዋ! አይታይህም?» ወዲያው ወደ ውስጥ ጮኸ፤ «አንተ ሾፌር! የገለበጥከውን ስትዝቅ አየሁህ እኮ!»

«አባባ፣ እርስዎ ባይኖሩ ጥዬው ሄጄ ነበር።»

«ባልኖርማ ለማን ልትሠራው?»

እህቴ ፊቷን አዞረች። እኔም ማሽኑን ቶሎ አስነሳሁት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨረስን። ኮምፓክተሩን ሳጠፋው ግቢው ጭር አለ። አባዬ እጆቹን የዊልቸሩ ጎማዎች ላይ አደረገና መግፋት ጀመረ። ጠጠሩ ከሥሩ ሲንሿሿ ይሰማል፤ ጎማው ግን አልሰመጠም። ሜዳውን አለፈ፣ ዳገቱን ያዘ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ክንዶቹ ዛሉና ቆመ። አማቻችን እጁን ሊዘረጋ ሲል እህቴ በሸሚዙ ይዛ ጎተተችው።

አባዬ ሳይዞር «ምን ትገተራላችሁ?» አለ። «መግፋት እኮ መሸከም አይደለም።»

ሦስታችንም ሮጥን። መያዣው ሁለት ነው፤ አንዱን እህቴ፣ አንዱን እኔ ያዝን። አማቻችን የሚይዘው ቢያጣ የእኔን ጀርባ ይገፋ ጀመር።